የባለንብረቷ ፈቃድ

ልጄ የመኪናዋን ሊብሬ መዳፌ ላይ ስታስቀምጥ መጀመሪያ የታየኝ ስሜ አልነበረም። የታየኝ አራት ጎማዋን ወደ ሰማይ ሰቅላ መንገድ ዳር የተገለበጠች መኪና ነበረች።

«አንብቢው እንጂ እማ» አለችኝ።

አነበብኩት። «ባለንብረት» በሚለው መስመር ላይ የእኔ ስም እስከ አያቴ ድረስ ተጽፏል።

«ተሳስተው ነው?»

«አልተሳሳቱም። ስጦታሽ ናት። የምነዳት እኔ ነኝ፣ የአንቺ ግን ናት።»

እስከዚያ ቀን ድረስ በስሜ የተመዘገበ ነገር ቢኖር የትምህርት ቤት ሰርተፊኬቴ ብቻ ነው። ቤቱ በአባቷ፣ ውሃው በአባቷ፣ መብራቱ በአባቷ አባት ስም ነው። አባቷ ካረፈ ወዲህ ሁለታችን ብቻ ብንቀርም እነዚህን ወረቀቶች የነካ ሰው የለም። ስለዚህ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስም ብሎኛል። ግን ደስታ እኔ ጋ ሲመጣ ብቻውን አይመጣም። የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ያለችውን ወረቀት እስከ መጨረሻው መስመር አንብቤ፣ ክኒኑን ሳልውጠው የጎንዮሽ ጉዳቱ የሚይዘኝ ሴት ነኝ።

ልጄን ብስክሌት ከልክያት ነው ያሳደግኳት። በአሥራ አንድ ዓመቷ ጉልበቷ ተልጦ መጣችና «ከደረጃ ወድቄ ነው» አለችኝ። እኛ ቤት ደረጃ የለም። መኪና መንዳትም እንደዚሁ ሳትነግረኝ ነው የተማረችው፤ መንጃ ፈቃዷን ያሳየችኝ ካወጣች ከሁለት ወር በኋላ ነው።

ሥራዋ ሚዛን መጠገን ነው። የዳቦ ቤት ሚዛን፣ የሥጋ ቤት ሚዛን፣ ሕፃናት የሚመዘኑበት ሚዛን፤ ሚዛን መዋሸት ሲጀምር እሷ ትጠራለች። ለዚህም ልካቸው የተረጋገጠ የብረት ክብደቶችን በእንጨት ሣጥን ይዛ ትዞራለች። ሣጥኑ የእሷ አይደለም፤ ከአንድ የጤና መሥሪያ ቤት በፊርማ የተረከበችው ነው። አምስት ዓመት ሙሉ በአውቶቡስ ስታመላልሰው ቀኝ ትከሻዋ ከግራው ዝቅ ብሏል። ቀሚስ ስሰፋላት አውቄ አንዱን ትከሻ አስረዝማለሁ፤ እሷም ታውቃለች፣ ሁለታችንም አናነሳውም።

አሁን ከከተማ ውጭ ያሉ የአሥራ አራት ጤና ጣቢያዎችን ሚዛን እንድትከታተል ተመርጣለች። ከአሥራ አንድ አመልካቾች መካከል ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ሥራው የሚጀምረው ሰኞ ነው። ውሉ ላይ በደማቁ የተጻፈ አንድ ነገር አለ፦ በሕጋዊ ኢንሹራንስ የተሸፈነ መኪና ይዛ መቅረብ አለባት። ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ጤና ጣቢያ በር ላይ ወረቀቱ ካልተሟላ ሥራው ለሁለተኛው ተወዳዳሪ ይሰጣል።

መኪናዋ ከተገዛች ሦስት ሳምንት ሆኗታል፤ ከግቢያችን ግን አልወጣችም። ያረጀች፣ አጭር፣ ማዕዘኗ ሁሉ የተድበለበለ፣ ፈዛዛ አረንጓዴ መኪና ናት። ወንድሜ ባያት ሰዓት «ሳሙና!» አላት፤ በዚያው ሳሙና ሆና ቀረች። ልጄ በየጠዋቱ ሞተሯን ታሞቃለች፣ መስታወቷን ትወለውላለች፣ ከዚያ ሣጥኗን ተሸክማ ወደ አውቶቡስ ትሄዳለች። እኔ ኢንሹራንስ ሳይኖራት ገብቼ አልቀመጥም ብያለሁ። ቆማም ቢሆን።

ሐሙስ ከሰዓት ወንድሜ መጣ። ታክሲ ነጂ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ነድቷል፤ ይህንንም በቀን ሦስት ጊዜ ያህል ይነግረናል። የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«እትዬ፣ ነገሩ አልቋል። እዚህ ጋ ፈርሚ።»

«ምኑ ነው ያለቀው?»

«ኢንሹራንሱ ነዋ! የእኛን ተራ ታክሲዎች በሙሉ የሚሠራው ባለከረባቱ ልጅ ሞልቶልኛል። ኮፋኖ ላይ አስደግፎ ነው የሞላው፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም።»

«አምስት ደቂቃ ከሆነማ ሳላነብ አልፈርምም።»

«ይኸው ጀመራት!» አለ ወደ ልጄ ዞሮ። «እናትሽ እኮ የአውቶቡስ ቲኬት ጀርባ የምታነብ ሰው ናት።»

«ቲኬቱ ጀርባ ላይ ምን እንደተጻፈ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ለዚህ ነው የማነበው።»

ልጄ ሳቋን ዋጥ አድርጋ መነጽሬን አመጣችልኝ። ወረቀቱ አራት ገጽ ነው። በጣቴ መስመር እየያዝኩ አነበብኩት፤ ወንድሜ ሰዓቱን እያየ፣ ጉሮሮውን እየጠረገ፣ በመጨረሻም የቁልፍ መያዣውን እያሽከረከረ ጠበቀኝ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ጣቴ ቆመ።

«ይህ ዋስትና የሚጸናው ተሽከርካሪውን ባለንብረቱ ራሱ ሲያሽከረክር ብቻ ነው» ይላል።

ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ሊብሬውን ከመሳቢያ አውጥቼ አጠገቡ አስቀመጥኩት።

«ባለንብረቷ ማን ናት?» አልኩ።

«አንቺ ነሻ» አለች ልጄ በኩራት።

«የምትነዳውስ?»

«እኔ» አለች። ፈገግታዋ ወዲያው ከፊቷ ወረደ።

«ስለዚህ ይሄ ኢንሹራንስ የሚሠራው እኔ ስነዳ ነው። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ የነዳሁት ነገር ቢኖር ከጓሮ ወደ ቆጥ ዶሮ ነው።»

ወንድሜ ወረቀቱን ነጥቆ ዓይኑ ጋ አስጠጋው፣ አራቀው፣ እንደገና አስጠጋው። ባለከረባቱ ተንኮል አስቦ አይደለም። ደንበኞቹ ሁሉ የገዛ ታክሲያቸውን ራሳቸው የሚነዱ ሰዎች ናቸው፤ ለእነሱ ይህ ውል ክፍያውን ያቀልላቸዋል። እጁ ለምዶ ያንኑ ሞላው። መኪና ገዝቶ ለማትነዳ እናቱ የሚያስመዘግብ ሰው አጋጥሞት አያውቅም።

«እትዬ፣ ትራፊክ የሚያየው መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ነው» አለ ወንድሜ ወረቀቱን መልሶ። «ውስጡን ማን ያነበዋል?»

«አደጋ የደረሰ ቀን ያነቡታል። ያን ቀን ሁሉም ሰው አንባቢ ነው።»

ወንድሜ የቁልፍ መያዣውን ኪሱ ከተተ። ሠላሳ ዓመት መንዳቱን እንኳ አልነገረን።

«እንግዲያው ሊብሬውን ወደ ስምሽ አዙሪው» አልኳት ልጄን።

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«ስም ማዞር ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ለሰኞ የቀረን ደግሞ አራት ቀን ነው።» የወረቀቱን ጫፍ በጣቷ ማጠፍ ጀመረች። «ሁለት ሳምንት ባይፈጅም አይሆንም። ሰጥቼሻለሁ እማ። የሰጠሁትን አልቀበልም።»

መቆጣት ነበረብኝ። አልተቆጣሁም። ተነስቼ የድሮ ደብተሯን ከመደርደሪያ አወረድኩና ያልተጻፈበት ገጽ ላይ የምፈራውን ሁሉ በተራ ቁጥር መጻፍ ጀመርኩ። እራት ሳይቀርብ ሃያ ሰባት ደረሰ።

አርብ ጠዋት ልጄና እኔ ባለከረባቱ ቢሮ ሄድን፤ በእግር። ቢሮው ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ፣ ደረጃው የሚንቋቋ አንድ ክፍል ነው። ጠረጴዛው ላይ ማህተም፣ የወረቀት ክምር፣ ከክምሩ ላይ ደግሞ እንዳይበተን የተጫነ የመኪና ፍሬቻ አለ። ልጁ ኮፋኖ ላይ የሚሠራ እንጂ ቢሮ የሚኖረው አልመሰለኝም ነበር። ከረባቱን እያስተካከለ ተነሳ።

«እናቴ፣ ይቀመጡ። ቅጹ ላይ ችግር አለ እንዴ?»

ሦስተኛውን ገጽ አሳየሁት፣ ሊብሬውን አሳየሁት፣ ልጄን በጣቴ አሳየሁት። ሦስቱን አፈራርቆ አየና ግንባሩን በመዳፉ መታ።

«ይቅርታ እናቴ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ወንድምዎ 'የእኔው ቤተሰብ ናት' ሲሉኝ እንደ እሳቸው ራሷ የምትነዳ ባለመኪና መሰለችኝ።»

«እሺ፣ አሁን ከመጀመሪያው አስረዳኝ። ሦስተኛ ወገን፣ ሦስተኛ ወገን ይላል በየመስመሩ። ሦስተኛው ማነው? አንደኛውና ሁለተኛውስ?»

«አንደኛ እርስዎ ነዎት፣ ውል ገቢዋ። ሁለተኛ እኛ ነን። ሦስተኛ ወገን መንገድ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ነው፤ እግረኛው፣ የሌላው መኪና፣ የሰው አጥር። መኪናዋ እነሱን ከጎዳች የምንክሰው እኛ ነን። ይሄ ግዴታ ነው፣ የማንም መኪና ያለዚህ አይንቀሳቀስም።»

«ልጄስ ስንተኛ ናት?»

ባለከረባቱ ቅጹን ገለጥ ገለጥ አደረገ። «እሷማ…» አለና ብዕሩን አነሳ። «እስካሁን የትም የለችም። እሷን ዛሬ ነው የምናስገባት።»

«ይኸውልህ» አልኩ። «ለሌላው እንግዲያ ዝርዝር ይዣለሁ።»

ደብተሩን ስከፍት ልጄ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «እማ፣ በናትሽ!»

«ተያቸው፣ ያንብቡልኝ» አለ ባለከረባቱ። እውነትም ሳይስቅ ብዕሩን ይዞ ተራ በተራ ያዳምጠኝ ጀመር። ሰው ብትገጭ? ሦስተኛ ወገን ይሸፍናል። የሰው ግድግዳ ብታፈርስ? ይሸፍናል። ከቆመችበት ብትሰረቅ? ሦስተኛ ወገን ብቻውን አይሸፍንም፤ ከቃጠሎና ከስርቆት ጋር የተጣመረ ሌላ ውል አለ። ሞተሯ እሳት ቢነሳበት? እሱም እዚያው። የጎረቤት ልጆች በኳስ መስታወቷን ቢሰብሩት? እሱ ሙሉ ሽፋን ካልሆነ የለም። ስፖኪዮዋን ታክሲ ቢልጠው?

«እሱን ወንድምዎን ይጠይቋቸው» አለ፤ ያን ጊዜ ሦስታችንም ሳቅን።

አሥራ ዘጠነኛው የሣጥኑ ነገር ነበር። «መኪናዋ ብትሰረቅ ውስጧ ያለው የክብደት ሣጥንስ?»

ብዕሩ ቆመ። «የማን ነው ሣጥኑ?»

«የመሥሪያ ቤት ነው» አለች ልጄ። ከፊቷ ላይ እጇን አውርዳለች። «በፊርማ ነው የተረከብኩት።»

«እንግዲያው በራሱ መመዝገብ አለበት። መኪናን የሚሸፍን ውል በውስጧ ያለውን የሰው ዕቃ አይሸፍንም። ደግሞስ ቅጹ ላይ አገልግሎቷን 'የግል' ነው ያልኩት፤ ለሥራ ከሆነ እንዲያ መባል አለበት፤ አለበለዚያ ኋላ ያጨቃጭቃል።» ቀና ብሎ ልጄን አያት። «ይሄን ሳታነሱ ብትፈርሙ ኖሮ ሰኞ የምትወጪው ባዶ ወረቀት ይዘሽ ነበር።»

ልጄ ደብተሩን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ከአሥራ ዘጠኝ በታች ያሉትን ታነብ ጀመር፤ አሁን እየሳቀች አልነበረም። ሃያ ሰባተኛው ጋ ስትደርስ አንገቷን ደፋች። ባለከረባቱም አንገቱን አስግጎ አነበበው። «መንገዱ ለምዷት ቤቷ ሩቅ ቢሆንባት» ይላል።

«ይሄን እኛ አንችለውም እናቴ» አለ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ። ቁጥር ለማሟላት ነው የጻፍኩት» አልኩት። አላመነኝም።

ከዚያ የምርጫው ሰዓት መጣ። ሙሉ ሽፋን ይውሰዱ እንዲለኝ ጠብቄ ነበር፤ ልጄም እኔ ሁሉንም ስል ልትከራከረኝ ተዘጋጅታ ወንበሯ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እሱ ግን ሐቁን ነገረኝ። መኪናዋ ያረጀች ናት፤ ብትጠፋ የሚከፈለው የዛሬ ዋጋዋ እንጂ የተገዛችበት አይደለም። በየጭረቱም ላይ የመጀመሪያውን ድርሻ የምንሸከመው እኛ ራሳችን ነን።

ደብተሩን ወስጄ በእርሳስ መሰረዝ ጀመርኩ። የኳሱን ሰረዝኩ። የስፖኪዮውን ሰረዝኩ። በሩን ሳትቆልፍ ብትረሳ የሚለውን ሰረዝኩ፤ ልጄ ከልጅነቷ ጀምሮ በር ረስታ አታውቅም፣ እኔ ነኝ የምረሳው። ስምንቱን ስሰርዝ ልጄ ትክ ብላ ታየኝ ነበር።

«እማ፣ ሁሉንም ትያለሽ ብዬ ነበር እኮ።»

«የሚፈራና የማይቻል ለየቅል ነው» አልኳት። «የተጨረመተ በር አጎትሽ በመዶሻ ያቃናዋል፤ መኪናዋ ብትሰበርም እስክትጠገን ድረስ አውቶቡስ አለ፣ የለመድሽው ነው። የማንችለው ሦስት ነገር ነው፤ ሰው መጉዳት፣ መኪናዋን እንዳለች ማጣትና በእጃችን ያለውን የሰው ንብረት ማጥፋት። እነዚህን ይጻፍልኝ። ሌላውን እየፈራሁት እኖራለሁ፤ ለምጄዋለሁ።»

ባለከረባቱ የሞላውን የድሮ ቅጽ ሁለት ቦታ ቀደደውና አዲስ አወጣ። ሦስተኛ ወገን ከቃጠሎና ከስርቆት ጋር። አገልግሎት፦ ለሥራ። የክብደት ሣጥን፣ ከነዝርዝሩ። የተመዘገበች ሹፌር፦ የልጄ ስም። ይህን ሁሉ ለመጻፍ አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀበት። ደስ አለኝ።

«አንድ ነገር ብቻ ቀረ» አለ። «እንደ ባለንብረትነትዎ ሌላ ሰው እንዲነዳ መፍቀድዎን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ። በእጅዎ ቢጽፉት ይበቃል።»

ነጭ ወረቀት ሰጠኝ። ስሜን ጻፍኩ። የመኪናዋን ታርጋ ጻፍኩ። «ልጄ መኪናዬን እንድትነዳ» ብዬ ጻፍኩና ብዕሩ ቆመ። የብስክሌቱ ዓመት ትዝ አለኝ። ትምህርት ቤቷ ለመዋኘት ያዘጋጀው ጉዞ ትዝ አለኝ፤ ሁሉም የክፍሏ ልጆች ሄደው እሷ ግን ከልክያት መስኮት ጋ ተቀምጣ የዋለችበት ቀን። ልጄ በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ ታየኛለች።

«እማ፣ የቀረውን ቃል ጽፈሽው ታውቂያለሽ?» አለችኝ በጆሮዬ።

«አርፈሽ ተቀመጪ!»

«ፈቅጃለሁ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ባለከረባቱ ማህተሙን ድም አድርጎ ሲመታው ፍሬቻው ከወረቀቱ ክምር ላይ ተንሸራተተ።

ሰኞ ጠዋት ሳሙና ከግቢ ወጣች። እኔም ውስጧ ነበርኩ፤ «እስከ መጀመሪያው ጤና ጣቢያ ብቻ» ብዬ። የበሩን እጀታ በሁለት እጄ ጨብጬ ነበር የተቀመጥኩት። «ቀስ በይ» አልኩ በሩ ላይ። «ቀስ በይ» አልኩ ማዞሪያው ላይ። መብራት ላይ ቆመን እያለም «ቀስ በይ» አልኩ።

«እማ፣ ቆመናል እኮ።»

«ቢሆንም።»

ልጄ ግን ስትነዳ እንደ ሥራዋ ነው፤ ዓይኗ ከመንገዱ አይነቀልም፣ እጇ አይቸኩልም፣ አንድ ማርሽ ስትቀይር እንኳ የሆነ ነገር የምትመዝን ትመስላለች። አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር እጀታውን አንድ እጄ ብቻ እንደያዘው አስተዋልኩ። ሌላው መቼ እንደለቀቀ አላውቅም።

ጤና ጣቢያው በር ላይ አስተዳዳሪው ራሳቸው መዝገብ ይዘው ቆመዋል፤ ቀጭን፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ሰው። መንጃ ፈቃዷን፣ ሊብሬውንና ኢንሹራንሱን ተቀብለው ሦስቱን ጎን ለጎን ያዟቸው። እንዲህ ወረቀት የሚያነብ ሰው ከራሴ በቀር አይቼ አላውቅም።

«ባለንብረቷና ሹፌሯ የተለያዩ ናቸው» አሉ።

ልጄ ፊት ለፊታቸው ቆማለች፤ ቀኝ ትከሻዋ ዝቅ እንዳለ ነው።

ሰውየው ገጹን ገለጡ። የተመዘገበ ሹፌር የሚለውን በጣታቸው ተከተሉት። ቀጣዩን ገለጡ፤ የክብደት ሣጥኑ። ከሥሩ በስቴፕለር የተያያዘውን የእጅ ጽሑፌን ሳይዘሉ እስከ ፊርማው አነበቡ።

«ይህን ውል ያስተካከለው ማነው?» አሉ። «ወረቀቱ ከሹፌሩ ጋር አልገጥም ብሎ ባለፈው ሳምንት ብቻ ሁለት ሰው መልሻለሁ።»

«ባለንብረቷ» አለች ልጄና በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች። «እናቴ ናት። ሳታነብ አትፈርምም።»

ሰውየው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና ከአንገታቸው ጎንበስ አሉልኝ። መዝገቡ ላይ ጻፉ። በሩ ተከፈተ።

ልጄ ሣጥኑን ከመኪናዋ ጀርባ አውርዳ ገባች፤ አሥር እርምጃ ብቻ ነው የተሸከመችው። በመስኮቱ አየኋት። የሕፃናቱን ሚዛን ጠረጴዛ ላይ አስተካክላ፣ ክብደቶቹን በጨርቅ እየያዘች አንድ በአንድ ጫነች፣ ቁጥሩን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች። «ሰማንያ ግራም ይዋሻል» ስትል ሰማኋት። ነርሷ ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። ልጄ ሚዛኑን ገልብጣ ፈታችው፣ አጠበቀች፣ አላላች፣ እንደገና ጫነች። ከዚያ ተራ ስትጠብቅ የነበረች አንዲት እናት ልጇን አምጥታ ሚዛኑ ላይ አስተኛችው። ሕፃኑ እግሩን አወራጨ፤ ቁጥሩ ሲረጋጋ ልጄ ጮክ ብላ አነበበችው፣ ነርሷም ጻፈችው። ማንም ያልተጠራጠረው ቁጥር ነበር።

ከመኪናዋ ተደግፌ ቆሜ ሳለሁ ውሃ የምትቀዳ ሴት ባልዲዋን አሳርፋ ሳሙናን ከፊት እስከ ኋላ አየቻት።

«ይቺ መኪና የማን ናት?»

«የእኔ ናት» አልኳት። «የምትነዳት ግን ልጄ ናት። ፈቅጄላት ነው።»